አምፖሉን እንዳትነኪው

ኮሞትሶ፣
አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። እስከ እሑድ ብሉምፎንቴን ነኝ።

የቢልቶንጉ ቋንጣ ማድረቂያ ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ጠዋት መድረቁን በጣትሽ ጫን እያደረግሽ እዪው። ጫን ማለት ቆርሶ መጉረስ አይደለም! ለገና "ልሞክረው ብዬ ነው" ስትዪ ማንጠልጠያው ብቻ ነው የተረፈኝ።

የሣጥኑን አምፖል እንዳትቀይሪው። ይሄ የድሮው ነው፣ የሚያሞቀው። ነጩ ያበራል እንጂ አያሞቅም።
ባለፈው ወር ስጋውን ያሻገተውም እሱ ነው እንጂ አንቺ ስጋው ላይ ያደረግሽው ኮምጣጤ ማነስ አይደለም።
ነጩን ማን እንዳስገባው አሁን አናንሳ። የምታውቂያት ሴት ናት፤ አሁን ለአውቶቡስ እየሮጠች ነው።

እኔ ድርቅ ያለውን እንደምወድ ታውቂያለሽ። ወፍራም ወፍራም አድርጌ የቆረጥኩት መሃሉ እርጥብ እንዲልልሽ ነው። ድንብላሉንም አብዝቼልሻለሁ።

ስጋው ቅዳሜ ሲደርስ ለእናትሽ ውሰጂላቸው። ያኛው የሻገተ ጊዜ እሳቸው ፊት ነው "የልጅዎ እጅ ኮምጣጤ ይሰስታል" ብዬ የሳቅኩብሽ።
ሲቀምሱት፣ ያኔም ኮምጣጤው በቂ ነበር በያቸው።
ካላመኑሽ ይሄን ወረቀት አሳዪያቸው። ፈርሜበታለሁ።

ማሬሊዜ