እሳቱን ተራ ያስያዘው ስልክ

ለክቡር የመርከብ ድርጅቱ የመገናኛ መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በጆሮ ደህንነት እንዲያገኝዎት እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ከጭነት መርከቦችዎ በአንዱ ላይ የሚሠራ የሁለተኛ መካኒክ ባለቤት ስሆን፣ በአደባባይ መጻፌ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ለክብርዎ አይመጥኑም ተብለው ሳይቀርቡልዎ ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ባለፈው ዓመት ስላስገጠሙት «ወጪ ቆጣቢ የተቀናጀ የመገናኛ ሥርዓት» ምስጋናዬ ይድረስዎ። ድሮ ስልኩ ለብቻው፣ የአየር ትንበያው ለብቻው፣ የአደጋ ደወሉም ለብቻው ሆነው ሲንዛዙ የነበሩትን በአንድ መስመር አጣምረው ከብክነት አድነውናል። ለቤተሰብ ጥሪ የሚሆን የእጅ ስልክ ማስቀመጥም ትርፍ ነገር ሆኖ ስለታየዎ፣ ከቤት የሚደወለው ሁሉ ከሞተር ክፍል እስከ መጸዳጃ ቤት በየግድግዳው በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ባሎቻችንም የሚመልሱልን ከግድግዳው ፊት ቆመው ነው። ጥቃቅን ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

1ኛ. ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ሲባል ከነሃያ አንድ ባልደረቦቻቸው ማለት አይመስለኝም ነበር። ልጃችን ጥርስ እያበቀለች እንቅልፍ እንደነሳችን በነገርኩት ሳምንት፣ ከመርከቡ ሦስት ሰዎች የየሚስቶቻቸውን መላ ልከውልኛል፤ ካፒቴኑም የእናቴን የወገብ ሕመም ጠይቀዋል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የደወልኩት ግን ለአንዱ ነበር።

2ኛ. ባለቤቴ ሲፈጥረው ዓይን አፋር ነው። ቤት ሳለ ሳህን እያጠበ የልቡን ሁሉ የሚያጫውተኝ ሰው፣ አሁን ከ«ደህና ነኝ» እና ከ«እሺ» በቀር ቃል አይወጣውም። ናፍቀኸኛል ስለው «መልእክቱ ደርሷል» ብሎኛል።

3ኛ. ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ባለፈው ወር ባለቤቴ እኔን ሳያማክር የሥራ ውሉን በስድስት ወር ማራዘሙን ከጎረቤቴ፣ ከመርከቡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሚስት ሰማሁ። ደወልኩ። አልደብቅዎትም፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳልተነፍስ ወረድኩበት። ኋላ ካፒቴኑ እንዳጫወቱኝ፣ ምግብ አብሳዩ የወጥ ቤቱ ማጉያ ስለሚንኮሻኮሽበት አንድም ቃል እንዳያመልጠው ዘይት የጣደበትን መጥበሻ ትቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ዘይቱ ተቀጣጠለ። የጭስ መቆጣጠሪያውም ባለሙያ ነውና ደወሉን ላከ፤ ነገር ግን መስመሩ ላይ ሰው ስለነበረ ደወሉ እንደ ጨዋ ሰው ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አበው እሳት ሰልፍ ሲይዝ አላዩም። ጭሱ ከወጥ ቤቱ በላይ ወዳለው የባለቤቴ መኝታ ክፍል ሲወጣ፣ እሱ ነገሬን ላለማቋረጥ አፉን ይዞ ያስል ነበር፤ እኔም የሚያለቅስ መስሎኝ «አሁን ብታለቅስ ምን ዋጋ አለው!» አልኩት። ደወሉ የጮኸው ተናድጄ ስልኩን ስዘጋ ነው። እሳቱን በእርጥብ ብርድ ልብስ አፍነው አጠፉት፤ ከምግብ አብሳዩ ቅንድብ በቀር የጎደለ ነገር የለም። እኔ ግን ያንን ሳል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

4ኛ. ከዚህ በኋላ ደወሉን ለብቻው ያደርጉታል ብዬ ስጠብቅ፣ «የመርከበኞች ሚስቶች ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይናገሩ፣ ስሜት ከሚቀሰቅሱ ጉዳዮችም እንዲቆጠቡ» የሚል ማስታወቂያ ደረሰኝ። የአደጋው ምንጭ ምላሴ መሆኑን እዚያ ሆነው ማጣራትዎ የሚያስደንቅ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደወሉን ከእኔ ይለዩት። ባለቤቴ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። ውሉን ለምን እንዳራዘመ እስካሁን አልነገረኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። በየሳምንቱ እደውልና ደህና መሆኑን እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ነኝ ይለኛል፤ ወዲያው እዘጋለሁ። ያኮረፍኩ መስሎት ያዝን ይሆናል። እኔ የምዘጋው ግን ደወሉ ቢጮህ እንዲሰማው ብዬ ነው።

የመምሪያዎን ቁጠባ ዘወትር የማደንቅ፣ ሃያ አንድ መርከበኞች በድምፄ ብቻ የሚያውቁኝ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

የሁለተኛው መካኒክ ሚስት

ማስታወሻ፦ ዋና መሥሪያ ቤታችሁም በቅርቡ በዚሁ ሥርዓት መጠቀም እንደሚጀምር ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ባለቤትዎ ወደ ቢሮዎ የሚደውሉበትን ሰዓት ቢያሳውቁኝ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ከበርዎ ላይ እቆማለሁ፤ እኔ ተራ አልጠብቅም።