ሽታ የሌለው ክፍል

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ዛሬ በተላክሁበት ከተማ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያስጎበኙኝ የመድኃኒት መቀመሚያ ክፍል ምንም አይሸትም። እኛ ፋብሪካ ሥራ መጀመሩን በአፍንጫችን አይደል የምናውቀው? «ገና አልጀመራችሁም እንዴ?» ብላት ኬሚስቷ ሳቀችብኝ፤ «ኧረ እየጨረስን ነው፣ እመቤቴ!» የሚቀምሙት እንደኛ በሚሸት ማሟሟያ ሳይሆን በውኃ ነው። ሥራውን የሚያፋጥነውን ዱቄት ደግሞ በማግኔት ሰብስበው፣ አጥበው እንደገና ይጠቀሙበታል። «ውኃ የነካው ቅመማ ተበላሸ በሉት» የሚለው አለቃችን ጉድ ፈላበት! የላከኝ ያንን አንቺን ሳል ያስያዘሽን ማሟሟያ ፈሳሽ የሚያቀርብ ነጋዴ እንድፈልግለት ነበር። አልፈልግም። ቢያባርረኝ ያባርረኝ፤ ሳንባሽ ከደሞዜ ይበልጥብኛል። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ የእናትሽን ጉልበት፣ የልጆቹን ጉንጭ ሳሚልኝ። ካርዱንም አንብበሽ አትደብቂው፤ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው።