የእናቴ ቅጠል መርዶ

ይድረስ ለአያሌው፣ ለባለቤቴ

አያልዬ፣ ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። እስካሁን አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። መቃብርህ ድረስ ስመጣም አልቅሼ እመለሳለሁ እንጂ የቤቱን ወሬ አላወራህም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም፤ አስደንግጠኸኝ ነው። ሞተህም ታስደነግጠኛለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሦስት ቀኔ ነው፣ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። ጽሑፌ ከወትሮው ቢከፋ ጥፋቱ የአንተ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኦሪት ራሞት ሰፈር ቤት ተከራይታ ወጣች። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት እጄን ይዛ ከአውሮፕላን የወረደችው ልጅህ ዛሬ ነርስ ናት፣ መኪና ትነዳለች፣ ወደ እኔ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ቤቱ ለእኔ ሰፋ። ሬዲዮውን አንተ በተውከው ጣቢያ ላይ ትቼዋለሁ፣ የሥራ ጫማህም ከበሩ ጀርባ እንዳለ ነው። ሰው ይታዘበኛል ብዬ ሁለቴ ልጥለው አነሳሁት፣ ሁለቴም መለስኩት።

ኦሪት ስትወጣ ድስትም ምንጣፍም አልፈለገችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኢማ፣ ከሳቭታ ቅጠል አንድ ቅርንጫፍ ስጪኝ» አለች። እኔን ኢማ፣ አያቷን ሳቭታ እንደምትል ታውቃለህ። እኔም ደስ አለኝ። እናቴ ከጎንደር ቆርጣ የሰጠችኝ ቅጠል ወደ ልጅ ልጇ ቤት ሊሄድ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስፎክር ዋልኩ።

ከጎንደር የወጣንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ስንት ዓመት ጠብቀን የእኛ የጉዞ ወረቀት ሲያልቅ የእናቴ አላለቀም ነበር። ልንወጣ ስንል ደጃፏ ላይ ካለው የዘይት ጣሳ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ። አበባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቅጠሉ ራሱ ግን ከአበባ ያምራል፤ መሐሉ ወይን ጠጅ፣ ዳሩ አረንጓዴ። ስሙን እሷም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው። በኦሪት ቦርሳ፣ ከዳቦ ቆሎው ሥር ደብቄ አመጣሁት። አንተ እስክንወርድ ድረስ በላብ ተጠመቅህ፤ ቦርሳው በተነካ ቁጥር ፊትህ ይለዋወጥ ነበር። ከእናቴ እጅ የተቀበልኩት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው።

ታዲያ እዚህ ዩድ አሌፍ ሰፈር ቤት ከገባን በኋላ ለዚህ ተክል ጌታው አንተ ሆንክ። ውሃ ማጠጣት የእኔ፣ አፈር መቀየር የአንተ። ሥሩን እንድነካ እንኳ አትፈቅድልኝም፤ «የእናትሽን አደራ ትሰብሪዋለሽ» ትለኛለህ። ብርዱ ሲገባ «የእማማ ጥሩ ቤት ሳሎኑ ፀሐይ ይገባበታል» ብለህ ባልዲውን ተሸክመህ ታችኛው ፎቅ ወደሚኖሩት ጎረቤታችን ታወርደዋለህ፣ ብርዱ ወጥቶ የፔሳኽ በዓል ሲያልፍ ለምልሞ ታመጣልኛለህ። እኔ ሞኟ እማማ ጥሩን ስመርቅ እኖራለሁ። ከዚሁ ቆርጬ ያልሰጠሁት ጎረቤት የለም፣ በብርድ ሲደርቅባቸው ደግሞ እጃችሁ አይባርክም እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አንድ ዓመት ቅጠሉ ቀይነቱ በዝቶ ሲመለስ ጠየቅሁህ። «የበረሃ ፀሐይ ነው፤ የእኛስ መልክ የድሮው ነው እንዴ» አልከኝ። ሳቅሁና አለፍኩት።

ዘንድሮ አንተ የለህም፤ ተክሉን እኔው ሳሎን ውስጥ አስገብቼ በብርድ ልብስ እየሸፈንኩ ብርዱን አሳለፍኩት። ተረፈ፣ ግን ቅጠሉ ሳስቷል፣ ሥሩ በባልዲው ቀዳዳ ወጥቷል፣ የተከልክበት ያ የወይራ ፍሬ ማሸጊያ ባልዲህም ተሰንጥቋል። ኦሪት ዓርብ ከመምጣቷ በፊት ብዬ ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ። አዲስ መትከያና አዲስ አፈር ገዝቼ ነበር። ባልዲውን ገልብጬ ጎኑን መታ መታ ሳደርገው ተክሉ ከነአፈሩ ወጣ፤ ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የባልዲውን ቅርጽ ይዟል። ከታች ጀምሬ በጣቴ ፈታሁት። መሐሉ ጋ ስደርስ ጣቴን አንድ ነገር ያዘው።

እንደ ሻይ ከረጢት የሳሳ ጥቁር መረብ ነው። ቆሻሻ መስሎኝ ሳብኩት፣ አልመጣ አለ፤ ሥሩ በመረቡ ቀዳዳ አልፎ ነው ያደገው። ከጎኑ ሌላ አገኘሁ። ቀጥሎ ሦስተኛ። ሦስት ግንድ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መረብ። ይህን መረብ አውቀዋለሁ አያልዬ። ባለፈው ወር ከታሃና መርካዚት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ገበያ የገዛሁት የናና ችግኝ ሥሩ ላይ ይኸው ነበረ። እንዲህ የሚያደርጉት ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። እናቴ የሰጠችኝ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ መረብ አልነበረውም፣ ሦስትም አልነበረም።

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።  በገባ እንግዳ ሁሉ ፊት «ይህ የእናቴ እጅ ነው» ስል፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር። ምን እያሰብክ ነበር የምትነቀንቀው? መረቡን እያየሁ እናቴ እንደገና የሞተችብኝ መሰለኝ፣ በዚያው ጠዋት፣ ማንም ሳይነግረኝ።

እጄን ሳልታጠብ መረቡን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። እማማ ጥሩ በሩን ከፍተው የያዝኩትን አዩ፤ ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቁኝም። ቴሌቪዥኑን አጠፉና «በይ ግቢ። እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ።  እንዲህ ብሎ የሚጀምረው መርዶ የያዘ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው በዚህ ቤት ባሳለፍነው በመጀመሪያው ብርድ ነው አሉ፣ እናቴ ጎንደር የሞተች ሰሞን። የእሷን መርዶ እንዴት እንደነገርከኝ አልረሳሁትም። ወሬውን ሰምተህ ሰንበቱ፣ ሻባት እስኪያልፍ፣ ዘመድ ከየከተማው እስኪሰበሰብ ሸሸግኸኝ። ዋዜማውን ጠግቤ እንድበላ ለመንከኝ፣ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ለካ በዚያው ሳምንት በረንዳው ላይ ያለው ቅጠልም በውርጭ ጠቁሮ ሞቶ ኖሯል። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አንተ ባልዲውን በኮትህ ሸፍነህ ወደ እማማ ጥሩ አወረድከው። «ሁለት መርዶ ባንድ ሳምንት አልነግራትም፤ ትንሽ ሲቀላት እነግራታለሁ» ብለህ አስማልካቸው። ከዚያ ወዲህ እታች ሳሎናቸው እየከረመም በየዓመቱ ብርዱ ይገድለዋል፣ በየዓመቱ አንተ ትገዛለህ፣ እኔ ደግሞ እኮራበታለሁ።

«ቀን እየጠበቅን ነበር ልጄ» አሉኝ እማማ ጥሩ። «ሐዘኑ ሲወጣልሽ ልንነግርሽ ነበር። ኋላ ስትደሰችበት አየንና ቀኑ ጠፋን።»

የሰው መርዶ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ተሸሽጎ አያውቅም። አንተ ግን በአንድ ቅጠል ቀን ስትጠብቅ ዕድሜህ አለቀ። እኔን ያንገበገበኝ ውሸቱ ብቻ አይመስልህ። አንተ ስትሞት ለእኔ ቀን የጠበቀልኝ ሰው የለም። አውቶቡስ እያጠብክ ወደቅህ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ በዕብራይስጥ ነገረኝ፤ ቆሜ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ ግማሹ ሳይገባኝ። ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? አያሌው ቢሆን እንዲህ አይነግረኝም ነበር አልኩ። የራስህን ሞት አንተው እንድትነግረኝ ነበር የፈለግሁት።

ከእማማ ጥሩ ቤት ስመለስ ተራው የእኔ መሆኑ ገባኝ። ኦሪት በማግሥቱ ልትመጣ ነው። ዝም ብል አንዱን ግንድ እሰጣታለሁ፣ የአያቴ ነው ብላ ታሳድገዋለች፣ እኔም እንደ አንተ ቀን ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ። ብነግራት ደግሞ አባቷን በሞተ በዘጠኝ ወሩ ውሸታም አድርጌ ልሰጣት ነው። ልንገራት አልንገራት ስል ውዬ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። መጨረሻ ላይ የመጣው ይምጣ አልኩ።

ዓርብ መጣች። በቅድሚያ ምሳ አበላኋት፤ እንደ ደንቡ። ከዚያ ሶፋው ላይ አጠገቤ አስቀምጬ ትከሻዋን አቀፍኩና መረቦቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ። ከጎንደር ጀምሬ እስከ እማማ ጥሩ ቤት ነገርኳት። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ክንዴን አጥብቄ ነበር።

አልደነገጠችም። «ኢማ፣ አኒ ዮዳአት» አለች፤ አውቃለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገበያ አብራህ እየወረደች ችግኙን የምትመርጠው እሷ ናት። የሞተውን ቅጠል በትምህርት ቤት ደብተሯ መሐል አድርቃ ይዛ ቀለሙን ታስተያያለች። በዚያ ቀይነቱ በበዛበት ዓመት የሚመስል አጥታችሁ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞራችሁ፣ አንተ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆመህ አለቀስክ አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ስኖር ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም፣ በእናቴ ልቅሶ እንኳ። የደነገጥኩት እኔው ሆንኩ።

«ታዲያ የሳቭታ ቅጠል እያልሽ ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኳት።

«ምስጢሩ የአባ ነዋ። እኔ አላወጣውም» አለች። «ግን ኢማ፣ የፈለግሁት የአባን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ማልቀሳችን አልቀረም። አንተን ብቻ አይደለም፣ እናቴንም እንደ አዲስ አለቀስኳት፤ የእሷ ቅጠል ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለቀስለት የቀረ ነውና። ስንጨርስ በረንዳ ወጥተን ሦስቱን ግንዶች ለያየናቸው። መረቡን በመቀስ ቆርጣ እያወለቀች እሷ ሰጠችኝ፣ እኔ ተከልኩ። አንዱን መኪናዋ ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀምጣ ቀበቶ አስራለት ሄደች። አንዱ ለእማማ ጥሩ ወረደ። አንዱ እዚህ ከፊቴ ነው፣ ጫፉ ላይ ሁለት አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ነው።

ይቅር አላልኩህም፣ ገና ነኝ። በልቤ የምከራከርህ ብዙ አለኝ፤ በየዓርቡ ኦሪትን እየጠየቅሁ የገበያውን ወሬ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም እቆጣሃለሁ። የመጪው ብርድ ይህንንም ይገድለው ይሆናል። ቢገድለው ገበያ ወርጄ እኔው እገዛለሁ፣ የሚመስል ባጣ ያገኘሁትን። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን፣ ስንት ጊዜ ቢሞት፣ ስንት ጊዜ ቢገዛ፣ ይህ ባለቤቴ የተከለው ነው እላለሁ።

ባለቤትህ የሺ