የቦራ ሹራብ

ለውድ እህቴ ለሰርክአዲስ አለነ፣

እንደምን ከርመሻል? የኢስታንቡል ብርድ እንዴት ያደርግሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? የምትሠሪበት ሹራብ ፋብሪካ መቆም በዛብኝ ብለሽኝ ነበር። ናፍቆትሽ አንጀቴን በልቶታል። ይህን የያዘችልሽ የጎረቤታችን የኪዳን ልጅ ዘሀቢያ አጠገብሽ ሳትቀመጥ አታንብቢው። «እኛ ደህና ነን» ብዬ መዋሸት ከእንግዲህ አልችልም።

እናታችን አርፋለች፣ ሰርኬ። ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሳይራገፍ፣ ወባ በሦስት ቀን ነጠቀችን።

በሬያችንን ቦራን ደረቱ ላይ የሠራሽበት ሹራብ የደረሰ ዕለት «በሬ ሲያርስ እንጂ ሰው ደረት ላይ ሲወጣ አላየሁም» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በአገራችን በገንዳ ውሃ ሐሩር ማን ሹራብ ይለብሳል? ሣጥን ከተተችው። ወባው ሲያንቀጠቅጣት ግን ራሷ አውጪልኝ አለች። ሲያስመልሳት በሬው እንዳይቆሽሽ ገልብጣ ለበሰችው። «ሰርኬ ስትመጣ ንጹሑን ነው የማሳያት» አለች።

ሽማግሌዎቹ «ሰው በሌላት አገር መርዶ አይነገራትም፣ የሚይዛት እስኪገኝ ይቆይ» አሉ። አባባም እሺ አሉ። አንቺ ደግሞ ኅዳር ላይ እማዬ ለብሳው ፎቶ ላኩልኝ አልሽ። አለባበሱንም ነገርሽኝ፦ ከስር ነጭ ሸሚዝ፣ እጅጌው እስከ ክርን የተጠቀለለ፣ ቀሚሱ ጌጥ የሌለው፣ በሬው እንዲታይ ነጠላ የማይደረብበት። ምን ላድርግ? ያልሽውን ሁሉ ለብሼ አንገቴን ደፍቼ ተነሣሁ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ በሬዬን በነጠላ ሸፈንሽው፤ ቢሆንም አምሮብሻል» ብለሽ በላክሽው ድምፅ ሳቅሽ። ነጠላውን ያላወለቅሁት ለሐዘን የተላጨ ራሴ እንዳይታይሽ ነው። እንደ ሐዘንተኛ ያዘቀዘቅሁት መሆኑን እኔም ረስቼው ነበር፤ አንቺም አላየሽውም።

ያሰብኩልሽ መስሎኝ ለቅሶሽን ሰረቅሁሽ። አገር ሲያለቅስላት አንቺ ብቻ ሳቅሽ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።

ሹራቡን ልኬልሻለሁ፤ አላጠብኩትም። ከፎቶው በኋላ እሷ እንደለበሰችው መልሼ ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ እንዲያው አቅፈሽው አልቅሺ። ሲበርድሽ ግን በሬውን ወደ ውጭ አውጥተሽ ልበሺው፣ ነጠላም አትደርቢበት።

አባባ ጉልበታቸው ቢደክምም ሰላም ብለውሻል። ወንድማችን ደረበ ከነሚስቱ ሰላም ይልሻል፤ ልጃቸው ቆማ መሄድ ጀምራለች። የእማዬ ሰላምታ የለበትም። ከጥቅምት ወዲህ «እማዬ ሰላም ብላሻለች» እያልኩ የላክሁልሽ ሁሉ የእኔ ነበር።

እህትሽ አሰበች
ገንዳ ውሃ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.