ነዝሃና ቡሽራ ያልሮጡት ሩጫ

ለውድ ወንድሜ ለፕሮስፔር፤

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ በበረዶው ወራት ሲያሰቃይህ የነበረው ሳል ለቀቀህ? ኮሌትስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ራሼል ጥርስ አወጣች ብላችሁ ከጻፋችሁልን ወዲህ ወሬዋ ጠፋብን፤ እማማ ፎቶዋን ከመደርደሪያው እያነሳች በየቀኑ ትስማለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አባባን ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል እንጂ ሱቁን ዛሬም ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት። እኔም ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን በንዴት አሯል።

አባባ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ምን ያድርግ ብለሽ ታስጨንቂዋለሽ ብለው እንዳልጽፍልህ ከልክለውኝ ነበር። አሁን ግን ጻፊለት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ደግሞ አክስታችን ፎርቱኔ ቀድማ ከጻፈችልህ በርበሬ ነስንሳ ስለምትልከው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

መምህር ኦሃዮንን መቼም አትረሳቸውም። ታሪክ አስተምረው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስምንት መቶ ሜትር ያስሮጡህ ሰው ዛሬም ያው ናቸው። ያው ቡናማ ኮት፣ ሲናደዱ ያው የገዛ ጆሯቸውን መጎተት። ግቢያችን ዛሬም የሩጫ ሜዳ የለውም፤ ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ በዱላ መስመር አስምረው ነው የሚያሠለጥኑን። ባለፈው ነሐሴ የአገራችን ሴት፣ የካዛብላንካችን ልጅ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ካመጣች ወዲህ መሮጥ የማትፈልግ ልጅ ጠፍታለች። ከዚያ ሁሉ መርጠው አራት ሆነን የምንሮጠውን የዱላ ቅብብል ቡድን ሠሩ፦ እኔ፣ የሐኪሙ ልጅ መሶዲ፣ ነዝሃና ቡሽራ። ነዝሃና ቡሽራ ሙስሊሞች ናቸው። አንተ ከሄድክ በኋላ የእኛ የአይሁድ ልጆች ወደ ፈረንሳይም ወደ እስራኤልም ወደ እናንተ ወደ ሞንትሪያልም እየነጎዱ ስላለቁ የትምህርት ቤታችን ግማሹ የሙስሊም ልጅ ሆኗል። ዕብራይስጥ ከእኔ አሳምራ የምትጽፈው ነዝሃ ናት ብልህ ታምናለህ?

በከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ማጣሪያውን አልፈን ለፍጻሜ ደረስን። ትምህርት ቤታችን በሴቶች እዚህ ደርሶ አያውቅም። ፍጻሜው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ የሠራተኞች ቀን ነው፣ ስታዲየሙ ተይዟል ተባለና ወደ ቅዳሜ፣ ወደ ሰንበታችን ተገፋ። መምህር ኦሃዮን ያንን ሳምንት ውድድሩን በሚመራው ቢሮ ደጃፍ ላይ ጨረሱት። አርብ ጠዋት ይሁንልን፣ ካልሆነ እሁድ፣ እሱም ካልሆነ በፈለጋችሁት ሜዳ ብለው ለመኑ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የናና ሻይ ቀድቶ አስቀምጧቸዋል። ግን ያላቸውን ስማ፤ "መምህር፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ከአራቱ ሁለቱ የእኛ ልጆች ናቸው። ግቢዎ ውስጥ ደግሞ የእኛ ልጆች ሞልተዋል፤ ሁለት ጨምረው ያሰልፉ።" መምህርም የእናንተና የእኛ ብዬ የከፈልኳቸው ልጆች የሉኝም፣ ያለኝ አንድ ቡድን ነው ብለው ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ባሕሩ ዳር ሰብስበውን ቀርቷል ሲሉን መሶዲ እንባዋ መጣ። ነዝሃ ግን ምላሷ አያርፍም። "ቅዳሜ ብንሮጥ እናትሽ የሰንበቱን ወጥ፣ የዳፊናውን ድስት አቅፋ ሜዳ ላይ ትቀበለን እንዴ? ይደፋባታላ" አለቻት፤ መምህርም ሳይቀሩ ሳቁ። ነገሩ እዚያው ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ዳይሬክተራችን ቤንሱሳን ከመምህር ጀርባ ሄዶ ቡድኑን አስመዘገበው። እንግዶች ይመጣሉ፣ ጋዜጣም ይመጣል፣ የትምህርት ቤታችን ስም መነሳት አለበት ብሎ፣ በእኔና በመሶዲ ቦታ ዱላ ጨብጠው የማያውቁ ሁለት ልጆች አስገባ። ነዝሃንና ቡሽራን ቢሮው ጠርቶ ካልሮጣችሁ ከትምህርት እንደቀራችሁ ይቆጠራል አላቸው። አንቱ ልለው አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ።

ቅዳሜ እኔ ቤት ነበርኩ፤ የሆነውን የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው። ነዝሃና ቡሽራ መለያቸውን ለብሰው ሄዱ። ስማቸው ሲጠራም መስመሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ቡሽራ፣ ያቺ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ቡሽራ፣ ወደ ዳኛው ዞራ "የቀረው ቡድናችን ቤቱ ነው። ግማሽ ቡድን አይሮጥም" አለችው። ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ የነዝሃን እጅ ይዛ ወጣች። ቤንሱሳን ከረባቱን አስሮ እንግዶቹ መሀል ተቀምጦ ያያል። በመኪናው ነው የመጣው። በሰንበት ማን እንደሚነዳ የምቆጥር ሰው አይደለሁም፣ እሱ በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ነው። ግን የአይሁድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ የእኛን ሰንበት ሁለት የሙስሊም ልጆች ሲያከብሩለት አይቶ የተናደደ ሰው ከእሱ ሌላ የት አለ?

ሰኞ መምህር ኦሃዮን ተጠሩ። ልጆቹን ያሳመፅካቸው አንተ ነህ ተባሉ። ወንድም ጋሼ፣ መምህር በዚያን ቀን ጠዋት ምኩራብ ነበሩ፤ ከዚያ እኛ ቤት ምሳ በልተው እስኪመሽ ከአባባ ጋር ሲጫወቱ ዋሉ። ስለ ልጆቹ ሐሳብ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አሠልጣኝነቱን ነጠቃቸው። ነዝሃንና ቡሽራን ደግሞ ወላጅ አምጡ እንኳ ሳይላቸው ከትምህርት አገዳቸው። እኔንና መሶዲን ማንም ምንም አላለንም። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ያልሮጥነው አራታችንም፣ የተቀጡት ሁለቱ።

መምህር ስለራሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ልጆቹ ግን ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። ክፍል በሌላቸው ሰዓት ሁሉ ከበሩ ወጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለቱ ጋር ተቀምጠው ያለፋቸውን ትምህርት ያስተምሯቸው ጀመር። ዘበኛው እንዳላየ ሆኖ ፊቱን ያዞር ነበር። እኛም በእረፍት ሰዓት እየወጣን አጠገባቸው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ጀመርን፤ ቦታው ጠቦን ሰው ወደ መንገዱ ሲገፋ የአውቶቡስ ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉብን ነበር።

አባባ በመጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር። እዚህ አገር የቀረነው ጥቂት ነን፣ አንገትን ደፍቶ መኖር ነው፣ ድምፅ አታሰሚ አሉኝ። እኔም መልሼ ለማን ብለን ነው የምንደፋው ብዬ ጮህኩባቸውና እማማ አስወጣችኝ። በማግስቱ ወደ ሱቅ ሲሄዱ በዚያ መንገድ አለፉ። መምህርን ኮታቸውን ለልጆቹ አንጥፈው ራሳቸው ቆመው ሲያስተምሩ አዩ። ቤት ሲገቡ እራት አልበሉም።

የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ ሄዱ። አባባ በስብሰባ ላይ ተናግረው እንደማያውቁ ታውቃለህ። ቤንሱሳን ስለ ሥርዓት ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ አባባ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ፤ "ሁለቱን ትልልቅ ልጆቼን እዚህ ነው ያስተማርኩት። ሰንበታችንን አከበራችሁ ተብሎ ልጅ የሚቀጣበት የአይሁድ ትምህርት ቤት ግን አላውቅም። ካለ አሳዩኝና ልጄን ከዚህ ላውጣ" አሉ። ከዚያ የመሶዲ አባት ተነሱ፣ ከኋላ ደግሞ የቡሽራ እናት።

ልጆቹ በማግስቱ ገቡ። ይቅርታ ያላቸው የለም። አሠልጣኝነቱ ግን ለመምህር አልተመለሰም፤ ቤንሱሳን "ለጊዜው" ነው ይላል። ለጊዜው የሩጫው ሰዓት ተማሪ ግቢ ጠርጎ የሚሄድበት ሰዓት ሆኗል። መምህርን ለምን ዝም ይላሉ ብዬ ስጠይቃቸው ልጆቹ ገብተዋል፣ ሌላው ይደርሳል አሉኝ። በእሳቸውም ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቤንሱሳን በሐምሌ ሞንትሪያል ይመጣል። የቀድሞ ተማሪዎች ራት አዘጋጅተውለታል አሉ፣ አንተንም ይጠሩሃል። ሥራ አለብኝ ብለህ እንዳትቀር። ሙሉ ልብስህን ልበስና ሂድ፤ ኮሌትንም ይዘሃት ሂድ፤ ፊት ወንበር ተቀመጡ። ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ሲናገር ጨርሶ ይናገር። ከዚያ ተነስተህ መምህር ኦሃዮን የት ናቸው በለው። እዚያ የምትቀመጡት ሁሉ የእሳቸው ልጆች ናችሁ፤ መልሱን ሳትሰሙ ማንም ማንኪያ እንዳያነሳ።

አባባና እማማ ጉንጭህን ይስሙሃል። አክስታችን ፎርቱኔ ለኮሌት የብርቱካን ማር እልካለሁ ብላለች። ትንሹ ወንድማችን ሜየር አንተን ባያውቅህም ወንድሜ ረጅም ነው እያለ ይኮራብሃል። ነዝሃ፣ ቡሽራና መሶዲ ሰላም ብለውሃል። ራሼልን እግሯን ሳሚልኝ በላት ለኮሌት፤ የሯጭ እግር ይሁንላት።

እህትህ ሲሚ

ካዛብላንካ፣ ሜይ 14 ቀን 1985