ቁልፍ የሌላት ኤምፒ ፎር

ጥቅምት 8፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አሥራ አራተኛው ቁልፍ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አባ ስፌት መኪናው ላይ፣ እኔ ከኋላው በርጩማ ላይ። የደሴ ፒያሳ ጭጋግ ነው፤ ፊት ለፊታችን ያለው ካፌ እንኳ አይታይም። ከ8ኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ቁልፍና ዘምዘማት።

ደብተሬ፣ ቀን ሙሉ ቁልፍ ለምትተክል ልጅ እህቷ ቁልፍ የሌላት ኤምፒ ፎር ላከችላት። አንድም የላትም። ፊቷ መስታወት ነው፤ መንካት ብቻ። ተች ናት ይላሉ።

ያመጣችልኝ እትዬ ዘሀራ ናት። የኮምቦልቻ ሰው። ጅዳ፣ ከእህቴ ከሰዓዳ ጎረቤት ቤት ትሠራለች፤ ለዕረፍት መጥታ ነው። ስትሰጠኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ሰዓዳ ድምጿን ቀድታባታለች፣ ብቻሽን ስሚው አለችኝ።

እስካሁን አልሰማሁትም። አንደኛ፣ ብቻዬን አልሆንኩም። ሁለተኛ፣ ጽሑፏ ሁሉ ዐረብኛ ነው። ሦስተኛ፣ ጣቴን አታውቀውም! ሌባ ጣቴ በመርፌ ደድሯል። እነካታለሁ፣ ዝም። እደግማለሁ፣ ዝም። ትንሿን ጣቴን ሳሳርፍባት ወዲያው ተከፈተች። የሚሠራውን ጣት ትታ ሥራ ፈቱን ትሰማለች።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ፣ ማታ 12 ሰዓት

ሁሉም ስለ ዕቃዬ የሚለው አለው።

አባ፦ መንዙማ ከተጫነባት መልካም ዕቃ ናት። በመዳፉ ሙሉ ነው የሚነካት፣ ገበያ ላይ በግ እንደሚያይ ሰው። አራት ነገር ባንዴ ከፈተችለት።

እማ፦ ብርድ እንዳይመታት በሻርፕ ጠቅልያት። ስታናግራት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ትዕግስት፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ የምንቀዳ ጎረቤቴ፣ ወንድሟ የገዛላት አንድ ዓይነት አላት። ቆሻሻ ናት አለች። ግራውን ስትነካው ቀኙ ይከፈታል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ራሱን ይቀይራል፣ ስትሞቅ ትጠፋለች። ግን የኔን ከእጄ ነጥቃ ስዕሉን ስታገላብጥ ግማሽ ሰዓት አልመለሰችልኝም። አንቺስ ወደድሻት ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ራበሽ ወይ ቢሉሽም አላውቅም ነው የምትይው አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ከፋኝ። እውነቷን ነው።

ሌላም አለ። አባ ፓስፖርት ሊያወጣልኝ ነው። እኔም እንደ ሰዓዳ። ደላላው ዕድሜሽን ሃያ ሁለት ትያለሽ ብሎኛል። አሥራ ሰባት ነኝ። ፎቶ የምነሳው ጥቅምት 25 ነው።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም።

እማ ለለቅሶ ወጣች። አባ ሱቅ። ብቻዬን ነኝ። ማይክሮፎን የተሳለባትን በትንሿ ጣቴ ነካሁ። ሦስት መስመር መጣ፤ 1፣ 2፣ 3።

1ን ነካሁ። የሰዓዳ ድምፅ! ቤቱ ውስጥ ያለች ያህል። ፀጉሬ ቆመ። በመጀመሪያ ስለ ዕቃዋ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደመሰለችኝ፣ ለጣቴ ትታዘዝ እንደሆነ፣ እንድነግራት። ቀጥላ፣ አባ አንቺንም ሊልክሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ አለች። ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሽ የምትጠይቂው ሰው የለሽም፤ የማስበውን በሁለተኛው ላይ ነግሬሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው ስሚው አለች። አለቀ።

2ን ለመስማት ቸኮልኩ። ተሳስቼ በሌባ ጣቴ ነካሁት። ዝም። ተጫንኩት። ዝም። ጥርሴን ነክሼ ይዤ ቆየሁ። ድንገት አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ ሁለት ቃል ብቻ። መድረሳ የቀራሁት ጠቀመኝ፣ ፊደሉን አውቃለሁ። አንዱ ሓ፣ ዛል፣ ፋ። ሐዝፍ? አላውቀውም። ሌላው ሓ፣ ፋ፣ ዟ። እሱን አውቀዋለሁ፣ ሒፍዝ። ሸይኻችን በየቀኑ የሚጠይቁን እኮ ነው። ሒፍዝ አድርገሻል? በቃልሽ ይዘሻል?

እንግዲህ ዕቃዋ እየጠየቀችኝ ነው፣ በቃልሽ ይዘሻል ብላ። ገና መቼ ሰማሁትና! አልያዝኩም። ሳልይዝ ይዣለሁ ብዬ አንዴ ሸይኻችን ፊት አፍሬያለሁ፤ አልደግመውም። ሌላኛውን ነካሁ።

2 የለም። 1 እና 3 ብቻ።

3ን ከፈትኩ። አጭር ናት። እንግዲህ ነገርኩሽ አለች። ከቆረጥሽ በኋላ አታልቅሽ፣ እማን አደራ፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ሻርፔን ውሰጂው፣ ያንቺ ነው። በቃ።

ምኑን ነው የነገርሽኝ?

ጥቅምት 15፣ ሰኞ፣ ረፋድ

አልመጣችም፣ 2። አጥፍቼ አበራኋት፤ የለችም። ሻርጅ አደረግኳት፤ የለችም። ተደብቃ ይሆናል እያልኩ በየስዕሉ ገባሁ። ካልኩሌተር አገኘሁ።

እማን አደራ ማለቷ እኔ ስለምቀር ነው? ወይስ ከመሄድሽ በፊት ደህና አድርገሽ ተሰናበቻት ማለት ነው? ሻርፑስ? ለደሴ ብርድ ነው ወይስ እዚያ እንድከናነበው? ዘምዘማቱን ሁለት ጊዜ ፈታሁት። አባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ አለኝ። ምንም አልኩ።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል

ከጁምዓ በኋላ ሰዓዳ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው፤ አባ በቀኝ፣ እማ በግራ። ስለ እማ ወገብ፣ ስለ ኩታበር ዘመዶች አዝመራ፣ ወ.ዘ.ተ.። ከዚያ እህቴን አቅርቡልኝ አለች።

«ሰማሽው?»

አባ፣ ስለ ዕቃዋ ነው የምትጠይቅሽ፣ መልሺላት እንጂ፣ ምላስሽን አይጥ በላው እንዴ አለኝ። ሁለተኛው ጠፍቶብኛል ማለት ነበረብኝ። አባ እያየኝ ነው። እማ እያየችኝ ነው።

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«እሺ።»

ቀጥላ ረጅም ትንፋሽ፣ አልሐምዱሊላህ። ሸክም እንዳወረደ ሰው። አብሽሪ እህቴ አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ያ ረቢ፣ እሺ ያልኩት ምንን ነው?

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ለእማ፣ ዕቃዋን ላሠራ ነው ብዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ብቻዬን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ታች ሙቀት ነው። ሹራቤን አወለቅኩ።

እትዬ ዘሀራ ስድስት ዓመት ዐረብኛ ስታወራ ኖራለች። ማንበብ ግን አትችልም። እኔ አነባለሁ፤ የማነበውን አላውቀውም። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ፊደሉን ቆጥሬ እጠራለሁ፣ እሷ ትርጉሙን ትናገራለች። እኛ ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ወጣን አለች። ሳቋ ደስ ይላል።

ሒፍዝ ስላት፣ አስቀምጪ ማለት ነው አለች።

«በቃል መያዝ አይደል እንዴ?»

«እሱ ለሰው ነው የኔ ዓለም! ዕቃ በቃሉ ያዘ ማለት አስቀመጠ ማለት ነው።»

«ሐዝፍስ?»

«አጥፊ። እመቤቴ ስልኳ ሲሞላባት እሱን ነው ስትል የምትውለው። ሐዝፍ፣ ሐዝፍ።»

ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። ነገርኳት። ሁሉንም ለሰው ስነግር ይሄም የመጀመሪያዬ ነው። ጠፍቶ ይመለሳል ወይ አልኳት። አይመስለኝም አለች። ሰዓዳ ምን እንዳለች እርስዎ ሰምተው ይሆን አልኳት። አልሰማችም። ሰዓዳ ድምጿን የቀዳች ቀን እሷን ከወጥ ቤቱ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ውጭ ሆና የሰማችው የቧንቧ ድምፅ ብቻ ነው። እንዳይሰማ ውሃውን ከፍታው ነበር። ረጅም ጊዜ። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች።

አልቅሳ ነበር ወይ አልኳት። አላውቅም፣ ፊቷ ርሶ ነበር አለች። ወላሂ እኔ በሷ ቦታ ሆኜ አልናገርም፣ የሰው አደራ ነው። ሐሙስ ጧት ደሴ ወጥታ ልትሰናበተን ነው፤ ከዚያ በማግስቱ ጉዞ። መልእክት ካለሽ አደርስልሻለሁ አለች።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭጋጉ ተቀበለን። መስኮቱ ላይ በትንሿ ጣቴ 2 ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ፣ ነይ ብላኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ደረቴ ተዘጋ። ቀጥሎ፣ ቅሪ ብላኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ተነፈስኩ። ደግሜ ሞከርኩት። ያው ነው። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ያ ረቢ፣ ቅሪ ያለችኝ ይሁን እያልኩ ኖሬያለሁ። ነይ ያለችኝ ይሁን ብዬ አንድ ቀን አልለመንኩም።

ታዲያ የማላውቀው ምኑን ነው?

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

እማ ለፎቶው ሻርፑን ተኩሳልኛለች፤ አረንጓዴውን። አባ ጫማውን እየጠረገ ነው። እትዬ ዘሀራ ከእማ ጋር ሳሎን ተቀምጣለች። እኔ ጓዳ።

ዕቃዋን ለሰዓዳ መልሼ ልልካት ነው። አሁን ቀዳሁባት። መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ የጠየቀችኝን መለስኩ፤ ድምፅ አያያዟ ጥሩ ነው፣ የሚሠራ ጣት አትሰማም፣ ቁልፍ ቢኖራት ይሻል ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ሳልሰማ እንዳጠፋሁት። እሺ ያልኩት ለማላውቀው ነገር እንደሆነ። ነይ ብለሽኝም ከሆነ አልመጣም። ቅሪ ብለሽኝም ከሆነ የምቀረው አንቺ ስላልሽኝ አይደለም። አላለቀስኩም። ውሃም አልከፈትኩም።

ሳጥኑ ብቅ አለ። ሁለቱ ቃል። በትንሿ ጣቴ፣ ቀስ ብዬ፣ ሒፍዝ።

አባ ይጠራኛል። ነይ እንጂ፣ ፎቶ ቤቱ ይሞላብናል ይላል። የምለው ሁለት ቃል ነው፤ አባ፣ አልሄድም። አሥር ጊዜ ደገምኩት። በቃሌ ይዣለሁ። መጋረጃውን ከፈተው፣ ልነግረው ነው።