የነቀልኳቸው ሚስማሮች

አልሸጥኩትም! ማን ጠየቀሽ ትለኝ ይሆናል። ማንም። ግን ታውቀኛለህ፣ እኔ ሳልጠየቅ ነው የምመልሰው። ያ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሎልህ የሄደው፣ እጀታው ሲዞር የሚዘፍነው የፈረንሳይ ኦርጋንህ አለ። ካዛንቺስ ቤታችን ሊፈርስ ሲል ቁም ሳጥኔን ትቼ እሱን ነው ያስጫንኩት። አሁን ቂርቆስ እህቴ ግቢ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል።

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፣ በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የልጅ ልጃችንን ሜሮንን ላስጽፋት ነበር፤ በቃ አፈርኩ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ራሴ ልጫጭር ብዬ ነው።

ሜሮን ድምፁ የጠፋውን የኦርጋንህን ሆድ በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ፈረንሳይ አገር እንዲህ ያለውን ለሚጠግን ሰውዬ ላከችለት። ወናፉ ተቀዶ ነው ትንፋሽ ያጣው አላት። አናጢው በቀለ አዲስ የበግ ቆዳ አለበሰው። እጀታውን ቢያዞረው ዘፈነ! ደምበል ሕንፃ ድረስ ተሰማ ብል ውሸታም ትለኛለህ፤ ጎረቤቱ ግን ግልብጥ ብሎ ወጣ። መሃል ላይ ሲደርስ ዝም። እጀታው ይዞራል፣ ዘፈኑ የለም። ቆይቶ ደግሞ ይቀጥላል።

የፈረንሳዩ ሰውዬ ምን አለ መሰለህ? ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከረው ድብልብል እንጨት ላይ የተተከለችው እያንዳንዷ የነሐስ ሚስማር አንድ ድምፅ ናት አለ። ዝም የሚለው የተነቀሉበት ቦታ ሲደርስ ነው።

እኔ ነኝ የነቀልኳቸው፣ ታዴ። አንድ ቀን ሆዱን ከፍቼ ስወለውለው ሚስማሩ ነጠላዬን ቀደደብኝ። ተናድጄ በፒንሳህ አንዱን ጎን ለቃቅሜ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። አንተ ከሥራ መጥተህ አልጋ ሥር ተንበርክከህ ስትፈልግ፣ እኔ ቆሜ፣ ሽማግሌው ጥርስህ ወለቀ እንዴ እያልኩ ሳቅኩብህ። ስንት ቅዳሜ ፈለግክ! በኋላ ድሮም አጉድሎ ነው የሰጠኝ ብለህ ፈረንጁን አማኸው። ይሄን ሁሉ አፍ ይዤ፣ እኔ ነኝ የምትል አንዲት ቃል አጣሁ።

ቀዳዳዎቹ ግን አሉ። በቀለ ከነሐስ ሽቦ አዳዲስ እየቆረጠ ነው። እንዳትተክላቸው፣ የነቀልኩት እኔ፣ የምተክለው እኔ ብዬዋለሁ። በእያንዳንዷ ሚስማር ስምህን እጠራለሁ። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥርም፣ በሕይወት እስካለሁ፣ ታዴ ይሄን ሳይሰማ ሄደ፣ ያስቀረሁበት እኔ ነኝ እላለሁ። ሜሮንም ትስማ።

ይኸው ከበር እየጠራችኝ ነው። እማማ ነይ፣ ጋሽ በቀለ ሚስማሮቹን ይዞ መጣ ትላለች። መጣሁ ብያታለሁ።

ትንሿን መዶሻህን የት ነበር የምታስቀምጣት?